ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፦ ልብ ወለድ የጻፈው ብዕር፣ ፍርድ የሰጠው ወንበር

በአማርኛ የተጻፈውን የመጀመሪያ ልብ ወለድ ያሳተሙት ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በአብዛኛው አንባቢ ዘንድ የሚታወቁት በቁራጭ በቁራጩ ነው። በሐዋሳም ሆነ በሌላ ከተማ ትምህርት ቤት የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የተማረ ሰው የ«ጦቢያ» ደራሲ አድርጎ ያስታውሳቸዋል፤ የአምስቱን ዓመት የወረራ ዘመን ያጠና ሰው ደግሞ ለጠላት ካደሩት ባለሥልጣናት መካከል ያገኛቸዋል፤ የምኒልክን ዘመን የሚመረምር ተመራማሪ በበኩሉ ከንጉሠ ነገሥቱ የመጀመሪያ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች አንዱ መሆናቸውን ያውቃል። በእነዚህ ቁራጮች መካከል ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነገር ሰውየው በሹማምንት ላይ የተሳለቁ ምፀተኛ፣ በኋላም ራሳቸው ሹም ሆነው ከሳሽና ተከሳሽን ያቆሙ ዳኛ መሆናቸው ነው፤ የዚህ ትረካ ዋና ጉዳይም ሚዛን የያዘው እጅና ብዕር የያዘው እጅ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ እንዴት እንደተለያዩ ማሳየት ነው።

ደራሲነትና ዳኝነት በአንድ ሰው መገናኘታቸው በሌላውም ዓለም የታየ ነገር ነው። ከአፈወርቅ መቶ ስድሳ ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ በጎንደር የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ዳግማዊ ኢያሱ በነገሡበት ዘመን፣ እንግሊዛዊው ሄንሪ ፊልዲንግ በተውኔቶቹ በመንግሥት ላይ ሲያፌዝ ኖሮ፣ ፓርላማው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1737 ባወጣው የተውኔት ቁጥጥር ሕግ ምክንያት መድረኩን ሲያጣ ወደ ሕግ ትምህርት ዞሯል፤ በ1748 መጨረሻም የለንደን ዳኛ ሆኗል። የፊልዲንግ ሕይወት ለአፈወርቅ ሕይወት እንደ መለኪያ ያገለግላልና በየቦታው መነሣቱ አይቀርም።

ከዘጌ እስከ ቶሪኖ (1860–1886 ዓ.ም.)

አፈወርቅ በ1860 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ በምትገኘው በዘጌ ተወለዱ። ዘጌ ወደ ሐይቁ ዘልቃ የገባች፣ በቡና ጫካ የተሸፈነች፣ ጥንታዊ ገዳማት የሞሉባት ምድር ስትሆን፣ የአብያተ ክርስቲያናቷ ግድግዳ በሥዕል የተንቆጠቆጠ ነው፤ አንድ ሕፃን ፊደል ሳይቆጥር አስቀድሞ በዓይኑ የሚያነበው ታሪክ በየመቅደሱ ቅጥር ላይ ተሥሎ የሚገኝበት አገር ነበር። አፈወርቅም ከሁሉ በፊት የታወቁት በሥዕል ችሎታቸው ነው።

የዕድሜያቸው የመጀመሪያ መታጠፊያ የመጣው ከዝምድና ነው። ከእቴጌ ጣይቱ ቤተሰብ ጋር በነበራቸው ትስስር ወደ ሸዋ ቤተ መንግሥት ለመቅረብ ቻሉ፤ ጣይቱ ምኒልክን ያገቡት በ1875 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ከሰሜን የመጡ የእቴጌይቱ ወገኖች በሸዋ ግቢ ቦታ እያገኙ መጥተዋል። በዚያን ጊዜ ኢጣልያ ከምኒልክ ጋር በወዳጅነት ትመላለስ ነበርና፣ መልእክተኛዋ ኮንት አንቶኔሊ ቤተኛ ከመሆኑ የተነሣ ወጣቶችን ወደ ኢጣልያ ልኮ ማስተማር የወዳጅነቱ አንድ ምልክት ሆነ። አፈወርቅ በ1870ዎቹ መጨረሻ ወደዚያው ተላኩና በቶሪኖ ከተማ በሚገኘው አልቤርቲና በተባለው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሥዕል ተማሩ። ከአገር ወጥተው በአውሮፓ ከተማሩት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን መካከል የሚቆጠሩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ወጣቱ ሠዓሊ በውጭ ሳሉ የሁለቱ መንግሥታት ወዳጅነት መሠረቱ ተናጋ። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አሥራ ሰባተኛ አንቀጽ በአማርኛው ምኒልክ ከፈለጉ በኢጣልያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መጻጻፍ ይችላሉ ሲል፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ተገኘ፤ ከዚህ የተነሣው ጠብ እስከ ዓድዋ የሚያደርስ ሆነ። አፈወርቅ ወደ አገር ተመልሰው በእንጦጦ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሠርተዋል፤ ሆኖም ከእቴጌይቱ ጋር ቅሬታ ውስጥ ገቡ። በዘመድ የተከፈተ በር በዘመድ ሲዘጋ የሚተወው ቁስል ቀላል እንዳልሆነ ለሚያውቅ አንባቢ፣ ቀጥሎ የመጣው ነገር ሙሉ በሙሉ ድንገተኛ አይመስለውም።

ኖይሻቴልና ዓድዋ (1886–1888 ዓ.ም.)

በ1886 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ አፈወርቅ እንደገና ወደ አውሮፓ ሄዱ፤ በዚህ ጊዜ የተላኩት የምኒልክ አማካሪና መሐንዲስ የነበረው የአልፍሬድ ኢልግ አገር ወደ ሆነችው ስዊዘርላንድ፣ ወደ ኖይሻቴል ከተማ ነበር። አብረዋቸው የሄዱት የራስ ዳርጌ ልጅ ጉግሣና ኪታው ዘአማኑኤል ናቸው። ራስ ዳርጌ የምኒልክ አጎት ስለነበሩ ጉግሣ የንጉሥ ዘር ያለበት ወጣት ነበር፤ ይህም ለኢጣልያኖች የተሰወረ አልነበረም። ሁለቱ አገሮች ወደ ጦርነት ሲያመሩ ሦስቱ ወጣቶች ከስዊዘርላንድ ወጥተው ወደ ኢጣልያ ተሻገሩ፤ የኢጣልያ መንግሥትም የንጉሥ ዘር ያለበትን ሰው ከነጓደኞቹ በእጁ ማስገባቱን ለፖለቲካ ዓላማው የሚጠቅም ነገር አድርጎ ተቀበለው።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተገኘው ድል ይህን ስሌት ሁሉ አፈረሰ። ለአፈወርቅ ውጤቱ እጥፍ ነበር፤ በአንድ በኩል አገራቸው ድል ባደረገችበት ጦርነት ከተሸናፊው ወገን ቆመው ተገኙ፤ በሌላ በኩል ወደ አገር የመመለሻው መንገድ ለብዙ ዓመታት ተዘጋ። የአማርኛ ልብ ወለድ ልደት ከዚህ መዘጋት ጋር የተያያዘ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ምክንያቱም በምኒልክ ግቢ ቢቀሩ ኖሮ ቤተ ክርስቲያን የሚሥል ሠዓሊ ወይም ለአስተርጓሚነት የሚጠራ ሹም ሆነው ሊቀሩ የሚችሉት ሰው፣ በስደት ያላቸው ብቸኛ ሀብት ቋንቋቸው ሆነ።

ኔፕልስ፤ የመጻሕፍቱ ዘመን (1894–1904 ዓ.ም.)

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ አፈወርቅ በኔፕልስ ከተማ በሚገኘው የምሥራቅ አገሮች ጥናት ተቋም የፕሮፌሰር ፍራንቼስኮ ጋሊና ረዳት ሆነው አማርኛ ማስተማር ጀመሩ። ተቋሙ ለቅኝ ግዛት አስተዳደርና ለንግድ የሚሄዱ ኢጣልያውያንን የምሥራቅና የአፍሪካ ቋንቋዎች የሚያስተምር ነበር፤ አማርኛ የሚያስፈልገውም ኢጣልያ ኤርትራን ስለያዘችና ከኢትዮጵያ ጋር ስለምትጎራበት ነው። አፈወርቅ በዚያ ኢጣልያዊት አግብተው ኖሩ።

ማስተማሩ መጻፍን አስከተለ። በ1897 ዓ.ም. ገደማ የአማርኛ ሰዋስውና የኢጣልያንኛና አማርኛ መነጋገሪያ መጽሐፍ በሮም አሳተሙ፤ በ1903 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ስለ አማርኛ ግሥ የሚያትት ሌላ መጽሐፍ ጨመሩ። እነዚህ የማስተማሪያ መጻሕፍት ዛሬ የሚነበቡት በቋንቋ አጥኚዎች ብቻ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው የራሱን ቋንቋ ለባዕድ ለማስረዳት ሲል እያንዳንዱን ቃል አንሥቶ መመርመሩ ለብዕሩ የሚሰጠው ጉልበት ቀላል አይደለም። በአፈወርቅ ዝርው ጽሑፍ ውስጥ የሚታየው የቃላት ብዛት፣ የአረፍተ ነገሩ ምት፣ ከባዕድ ቃል የመራቅ ጥንቃቄ ከዚህ የሰዋስው ጠረጴዛ የተነሣ ይመስላል።

ትልቁ ዓመት 1900 ዓ.ም. ነው። በዚህ ዓመት በሮም ሁለት ሥራዎቻቸው ታተሙ፤ አንደኛው «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለው፣ በኋላ በዋና ገጸ ባሕርይው ስም «ጦቢያ» ተብሎ የታወቀው ትረካ ሲሆን፣ ሁለተኛው በአማርኛና በፈረንሳይኛ ትይዩ የተጻፈ፣ በሐበሻ አገር ለሚጓዝ እንግዳ የተዘጋጀ የመንገደኛ መመሪያ ነው።

«ጦቢያ» መቶ ገጽ የማይሞላ፣ ለመነበብ የማይከብድ ታሪክ ነው። በክርስቲያኖችና በአረመኔዎች መካከል በተደረገ ጦርነት አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ ተማርኮ ይሸጣል፤ አንድ ደግ ነጋዴ ደግሞ ማንነቱን ሳይገልጥ ለቤዛው የሚሆን ወርቅ ይሰጣል። የአለቃው ልጆች ዋሕድና ጦቢያ የተባሉ መንትዮች ናቸው፤ ዋሕድ ያን ነጋዴ ፈልጎ ውለታውን ለመክፈል ሲሄድ ራሱ በባርነት እጅ ይወድቃል፤ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መሳሳት፣ መፋቀርና መገለጥ በአረመኔው ንጉሥ ክርስትና መቀበልና በድርብ ጋብቻ ይደመደማል። ነገሩ ከምሥራቁም ከምዕራቡም ጥንታዊ ተረት ጋር ዝምድና ያለው ሲሆን፣ አዲስነቱ ያለው በሴራው ላይ ሳይሆን ምንም የቅዱሳን ገድል ወይም የነገሥታት ዜና ሳይሆን፣ ደራሲው ከልቡ አፍልቆ በሰፊው ተረክ አድርጎ በአማርኛ ዝርው መጻፉ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ የጽሕፈት ቋንቋነት ክብር የግእዝ ነበር፤ በአማርኛ ይጻፍ የነበረው በአብዛኛው ደብዳቤ፣ ዜና መዋዕል፣ የሃይማኖት ትርጓሜና ግጥም ነበር።

በ«ጦቢያ» ውስጥ ምፀት ፈልጎ የሚገባ አንባቢ ብዙ አያገኝም፤ ምፀቱ ያለው በመንገደኛው መመሪያ ነው። መጽሐፉ ለላይ ላዩ የመነጋገሪያ መጽሐፍ ነው፤ እንግዳው በቅሎ ሲከራይ፣ አሽከር ሲቀጥር፣ በኬላ ሲያልፍ የሚያስፈልገውን ቃለ ምልልስ ይዟል። ይሁን እንጂ ደራሲው በዚህ ሽፋን ሥር ስለ አገሩ አስተዳደር የልባቸውን ተናገሩ፤ የመንገዱን ክፋት፣ ወታደር በገበሬ ቤት ገብቶ እንዴት እንደሚበላ፣ ሹሙ ከባላገሩ የሚያወጣው እንዴት ማለቂያ እንደሌለው፣ እጁ የሚሠራ ሰው እንዴት እንደሚናቅ በሽሙጥ አሳዩ። በአንጻሩ ኢጣልያ የምታስተዳድራት ኤርትራ የሥርዓትና የሰላም ምሳሌ ሆና ቀረበች።

እዚህ ላይ የምፀቱን ሁኔታ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ፊልዲንግ በዘመኑ ጠቅላይ ሚኒስትር በሮበርት ዋልፖል ላይ በመድረክ ሲያፌዝ ተመልካቹም የሚፌዝበትም እዚያው ለንደን ነበሩ፤ ለዚህም ነው መንግሥት በሕግ አፉን የዘጋው። የአፈወርቅ ምፀት ግን በሮም የታተመ፣ ፈረንሳይኛ ጎን ለጎን የተጻፈበት፣ ከሁሉ በፊት ባዕድ አንባቢ የሚያየው ነበር። ስለ ገበሬው መከራ የተናገሩት በብዙው እውነት መሆኑን ሌሎች የዘመኑ ጸሐፊዎችም አረጋግጠዋል፤ ሆኖም እውነቱ የቀረበው ሹሙ ራሱ በማይሰማበት፣ የሹሙን ቦታ ሊወስድ ለሚያስብ መንግሥት ጆሮ በሚመች ቦታ ነው። የምፀተኛ ድፍረት የሚለካው በሚናገረው ብቻ ሳይሆን በሚናገርበትም ቦታ ስለሆነ፣ የመመሪያው ጥንካሬም ድካምም ከዚህ ይመነጫል።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው በሚቀጥለው ዓመት የሆነው ነው። በ1901 ዓ.ም. አፈወርቅ «ዳግማዊ ምኒልክ» የተባለውን የንጉሠ ነገሥቱን የሕይወት ታሪክ በሮም አሳተሙ። የምኒልክን ሹማምንት በመመሪያው የሸነቆጠ ብዕር በዚህ መጽሐፍ ምኒልክን ያለ መጠን ሲያሞግስ፣ አፄ ቴዎድሮስንና በተለይም አፄ ዮሐንስን ደግሞ ያለ ርኅራኄ ያጣጥላል። የምኒልክ ጤና በታወከበትና ቤተ መንግሥቱ ስለ ወራሽ በተጨነቀበት ሰዓት የተጻፈ ውዳሴ፣ ከአሥር ዓመት በላይ የተዘጋ በር ማንኳኳት ይመስላል ብሎ መገመት ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ለዚህ መጽሐፍ የመጣው መልስ በኢትዮጵያ የአስተሳሰብ ታሪክ ውስጥ ራሱን የቻለ ቦታ አለው። ወጣቱ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በአሥመራ በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፉ የአፈወርቅን መጽሐፍ መነሻ አድርጎ፣ ታሪክ ለመጻፍ የሚያስፈልገው ነገር ሦስት ነው አለ፤ የሆነውን አስተውሎ የሚያይ ልቡና፣ ሳያደላ የሚፈርድ ልቡና፣ የጠራ የቋንቋ አገባብ። የአፈወርቅን የቋንቋ ጸጋ አልካደም፤ ያጣባቸው ግን ሁለተኛውን፣ ማለትም የማያዳላ ዳኝነትን ነው። ይህ ፍርድ የተሰጠው አፈወርቅ በእውነተኛ የዳኝነት ወንበር ከመቀመጣቸው ከአሥር ዓመት በላይ አስቀድሞ መሆኑ ታሪኩን በተለየ ብርሃን ያሳያል።

ከአሥመራ ወደ ድሬዳዋ (1904–1917 ዓ.ም.)

በ1904 ዓ.ም. ገደማ አፈወርቅ ኢጣልያን ትተው ወደ ኤርትራ መጡና በንግድ ሥራ ተሠማሩ። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ጣይቱም ከሥልጣን ስለራቁ፣ የቀድሞውን ቂም የሚያስታውሰው ወገን ኃይሉ ደከመ፤ አዲሱ ዘመን ደግሞ ውጭ አገር የተማሩ ሰዎችን የሚፈልግ ሆነ። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ተሽረው ንግሥት ዘውዲቱ በነገሡና ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ በሆኑ ጊዜ ይህ ፍላጎት ይበልጥ ጠነከረ፤ ተፈሪ ከአሮጌው መኳንንት ጋር በሚያደርጉት ፉክክር ቋንቋ የሚያውቁና በሹመታቸው ለእሳቸው ባለዕዳ የሚሆኑ ሰዎችን ይሰበስቡ ነበርና፣ የአፈወርቅ ያለፈ ታሪክ ለሹመት እንቅፋት አልሆነም።

ሹመቱ የድሬዳዋ ነጋድራስነት ነው። ነጋድራስ በጥንቱ ትርጉሙ የነጋዴዎች አለቃ፣ ሲራራው በሚያልፍበት ኬላ ቀረጥ የሚሰበስብና በነጋዴዎች መካከል የሚነሣውን ክርክር የሚዳኝ ሹም ነበር፤ በምኒልክ ዘመን ገበያው ሲሰፋ የአዲስ አበባው ነጋድራስ ችሎት ከባዕድ ነጋዴዎች ጋር የሚደረገውን ጉዳይ ሳይቀር የሚያይ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ማዕረጉ የጉምሩክ ሹመትም የዳኝነት ሥልጣንም ነው። ድሬዳዋ ደግሞ፣ ሐዋሳ በ1950ዎቹ መግቢያ በዕቅድ እንደተቆረቆረች ሁሉ፣ የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ገደማ ሲደርስባት ከባዶ ሜዳ ላይ የተነሣች ከተማ ናት፤ የኢትዮጵያ ወጪና ገቢ ንግድ ትልቁ ክፍል በእሷ በኩል ስለሚያልፍ ነጋድራሷ የሚይዘው ገንዘብና የሚያገኘው ተሰሚነት ከብዙ ጠቅላይ ገዥ የሚያንስ አልነበረም።

በዚህ ወንበር አስቀድሞ የተቀመጠው ሌላ ሰው አልነበረም፤ ያው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ዕድሜው ሲሞት የድሬዳዋ ነጋድራስ ነበር። ጥቂት ዓመታት ዘግይቶ፣ ከ1914 እስከ 1917 ዓ.ም. ገደማ፣ የተቺውን ቦታ የተተቸው ያዘው። ገብረ ሕይወት ስለ ጉምሩክና ስለ ነጋዴው መከራ በጥልቅ ጽፏል፤ አፈወርቅ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. መጽሐፋቸው በየኬላው የሚደርስበትን ጣጣ ለእንግዳው አሳይተዋል፤ አሁን ግን ኬላው በራሳቸው እጅ ነበር።

ልዩ ፍርድ ቤት (1917–1923 ዓ.ም.)

ከድሬዳዋ በኋላ አፈወርቅ በአዲስ አበባ የልዩ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ይህ ፍርድ ቤት ምን እንደነበረ ሳይታወቅ የሹመቱ ክብደት አይገባም። በጥር 1900 ዓ.ም. የፈረንሳይ መልእክተኛ ክሎቡኮቭስኪ ከምኒልክ ጋር ባደረገው ውል፣ የኢትዮጵያ ሕግ ከአውሮፓ ሕግ ጋር እስኪስማማ ድረስ በፈረንሳያውያን መካከል የሚነሣ ክርክር በቆንስላቸው እንዲታይ፣ ፈረንሳያዊና ኢትዮጵያዊ የተከራከሩበት ጉዳይ ግን በኢትዮጵያዊ ዳኛና በቆንስሉ ጉባኤ እንዲታይ ተወሰነ፤ ተከሳሹ ኢትዮጵያዊ ከሆነ በኢትዮጵያ ሕግ፣ ፈረንሳያዊ ከሆነ በፈረንሳይ ሕግ እንዲፈረድ፣ ሁለቱ ዳኞች ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ችሎት እንዲወጣ ተደነገገ። ሌሎች መንግሥታትም በየውላቸው ይህንኑ መብት ወሰዱ። ከተማው በግሪክ፣ በአርመን፣ በህንድና በአረብ ነጋዴዎች እየሞላ ሲሄድ፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ በአንዱ ወይም በሌላው ቆንስላ ጥበቃ ሥር ስለነበሩ፣ የእቃ፣ የብድር፣ የኪራይና የጠብ ክስ ሁሉ ወደዚህ የተቀላቀለ ችሎት ይጎርፍ ጀመር፤ ለዚህም የተለየ ፍርድ ቤት ማቋቋም ግድ ሆነ።

በዚህ ወንበር የሚቀመጥ ዳኛ ሦስት ነገር ያስፈልገው ነበር፤ የአገሩን ሕግና ልማድ ማወቅ፣ የባዕድ ቋንቋና የፍርድ አካሄድ ማወቅ፣ በቆንስሉ ፊት የመንግሥቱን ክብር ሳይጥል መቆም። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ሰው የሚገኙት በጣም ጥቂት ስለነበሩ ሹመቱ በጸሐፊዎች እጅ መውደቁ አያስደንቅም። «ወዳጄ ልቤ»ን የጻፉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በዚሁ ፍርድ ቤት ዳኝነት አገልግለዋል። ስለዚህ የአማርኛ ልብ ወለድ አባቶች ተብለው ከሚጠሩት ሁለቱ በአንድ ችሎት ወንበር የተፈራረቁ ዳኞች ነበሩ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ በሥነ ጽሑፍ ታሪካችን ከሚገባው በታች የተነገረ ነገር ነው።

የፊልዲንግ መለኪያ ዋና ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል። በዘመኑ የለንደን ዳኞች ደመወዝ ያልነበራቸው፣ ከባለጉዳይ በሚሰበስቡት ክፍያ የሚኖሩ፣ ስለዚህም «ነጋዴ ዳኞች» እየተባሉ የሚሰደቡ ነበሩ፤ በኢትዮጵያም ዳኛው ከተከራካሪዎች በሚያገኘው የዳኝነት ገንዘብና በውርርድ በሚቀርበው ማርና ፈረስ ይተዳደር ስለነበር ነገሩ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይደለም። ፊልዲንግ በቦው ጎዳና በሚገኘው ችሎቱ ከድሆች ጠብ ሳንቲም መልቀም በማቆሙ፣ በዓመት አምስት መቶ ፓውንድ ገደማ ሊያስገኝ ይችል የነበረው ወንበር ለእሱ ከሦስት መቶ ብዙም የማይበልጥ ገቢ እንዳስገኘለት ጽፏል። ከዚህም በላይ ወንበሩ ለብዕሩ ምግብ ሆነው፤ «ቶም ጆንስ» የተባለው ታላቅ ልብ ወለዱ በ1749 ታትሞ ሳለ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ያወጣው «አሚሊያ» የሚከፈተው በሙሰኛ ዳኛ ችሎትና በእስር ቤት ነው፤ በዚያው ዓመት ስለ ዘራፊዎች መብዛት ምክንያት የጻፈው ጥናትም የአረቄ ንግድን ለመቆጣጠር ከወጣው ሕግ ጋር በአንድ ወቅት የተነገረ ነው። ያሰባሰባቸው ሌባ ያዦች ደግሞ ለለንደን ፖሊስ ጥንስስ ሆኑ።

ኅሩይም በራሳቸው መንገድ ከሥልጣን ወንበር ሆነው መጻፋቸውን አላቋረጡም፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» አወቀ የተባለ በአውሮፓ የተማረ ወጣት ተመልሶ የተዝካር ድግስን የመሰሉ ልማዶችን ሲቃወም ያሳያሉ። የአፈወርቅ ብዕር ግን ከችሎቱ ምንም አልወሰደም። ከ1900 ዓ.ም. በኋላ ሌላ ልብ ወለድ አላሳተሙም። በኬላ፣ በገበያና በተቀላቀለው ፍርድ ቤት ለአሥር ዓመት ገደማ የሰሙት ክርክር፣ ያዩት ሐሰተኛ ምስክር፣ ያስታረቁት ባላንጣ ሁሉ ወደ ትረካ ሳይለወጥ ቀረ። ምክንያቱን በአንድ ነገር ማሳበብ አይቻልም፤ ሆኖም አፈወርቅ ሹማምንትን የተቹት ከሥልጣን በራቁበት ጊዜ ብቻ መሆኑና ወደ ሥልጣን በቀረቡ ቁጥር ብዕራቸው ወደ ውዳሴ ወይም ወደ ዝምታ ማዘንበሉ በሕይወታቸው ሁሉ የሚታይ ጠባይ ነው። ለአማርኛ ልብ ወለድ ይህ ትልቅ ኪሳራ ነበር፤ የአዲስ አበባን ገበያና ችሎት ከውስጥ የሚያውቅ፣ እንዲህ ያለ ቋንቋ የታደለ ሰው ዳግመኛ በቀላሉ አልተገኘም።

ሮም፣ ወረራውና «አፈ ቄሣር» (1924–1933 ዓ.ም.)

ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ከነገሡ በኋላ፣ በ1924 ዓ.ም. ገደማ፣ አፈወርቅ በሮም የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ሆነው ተሾሙ። ጉዳይ ፈጻሚ ማለት አምባሳደር በሌለበት አገር ሌጋሲዮኑን የሚመራ መልእክተኛ ነው። በወጣትነታቸው ተማሪ፣ በዓድዋ ዘመን ከዳተኛ፣ በጎልማሳነታቸው መምህር ሆነው የኖሩባት አገር አሁን የመንግሥታቸውን ቃል የሚያሰሙባት ሆነች፤ ይህን ያህል ኢጣልያን የሚያውቅ ሰው መላክ ብልኅነት ይመስል ነበር፤ ግን የትኛው ወገን ይበልጥ እንደሚያውቀው አስቀድሞ መገመት ከባድ ነው።

በኅዳር 1927 ዓ.ም. በወልወል የተነሣው ግጭት ሙሶሊኒ ለሚፈልገው ጦርነት ሰበብ ሲሆን፣ በሁለቱ መንግሥታት መካከል የሚመላለሰው ቃል በአፈወርቅ እጅ ያልፍ ነበር። በመስከረም 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ፤ በሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ የኢጣልያው ንጉሥ የኢትዮጵያ ቄሣር ተብሎ ታወጀ።

አፈወርቅ ከስደትም ከአርበኝነትም ይልቅ መገዛትን መረጡ። አንዳንዶች ዕድሜ፣ አንዳንዶች ከኢጣልያ ጋር የነበራቸውን የኖረ ትስስር እንደ ምክንያት ያነሣሉ፤ እውነቱ ግን ያ በ1900 ዓ.ም. መመሪያ ውስጥ የኢጣልያን አስተዳደር የሥርዓት ምሳሌ አድርጎ ያቀረበው አስተሳሰብ ከሰላሳ ዓመት በኋላ ፍሬውን ማፍራቱ ነው። ወራሪው መንግሥት በሚያሳትመው የአማርኛ ጋዜጣ አዲሱን አገዛዝ አወደሱ፤ «አፈ ቄሣር» የሚል ማዕረግም ተሰጣቸው። በንጉሡ ዘመን የዳኞች የበላይ «አፈ ንጉሥ» ይባል ነበር፤ ንጉሡ በማይቀመጥበት ችሎት በንጉሡ ስም የሚፈርድ ሹም ማለት ነው፤ ወራሪው የፍርዱን ወንበር ቅርጽ እንዳለ አስቀምጦ የባለቤቱን ስም ብቻ ለወጠ። ይህ ሁሉ ሲሆን የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ የሺዎች ደም ፈስሷል፤ በአውሮፓ የተማሩ ወጣቶች እየተለቀሙ ተገድለዋል። ከእነዚህ መካከል የኅሩይ ልጅ ፈቃደ ሥላሴ ይገኝበታል። ኅሩይ ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ተሰደው በ1931 ዓ.ም. መግቢያ በእንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ዐረፉ፤ የፊልዲንግ የመጀመሪያ ሚስት የሞተችው በዚሁ በባዝ ነበር፣ «ቶም ጆንስ»ንም ሲጽፍ የረዳው ባለጸጋ ራልፍ አለን የዚያው ከተማ ሰው ነው።

ጅማ (1933–1940 ዓ.ም.)

በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ አፈወርቅ ተያዙ። ለወራሪው በማደራቸው የተፈረደባቸው ሲሆን፣ የቀረውን ዕድሜያቸውን በግዞት ያሳለፉት በጅማ ነው። ግዞት በኢትዮጵያ የቆየ ቅጣት ነው፤ ሰውየው በወህኒ ሳይሆን ከዘመዱና ከሥልጣኑ ማዕከል በራቀ አገር በጥበቃ ሥር ይኖራል። በዚያ ዓይናቸው ጠፋ፤ በመስከረም 1940 ዓ.ም. በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ሞቱ።

መጽሐፋቸው ግን ከደራሲው ዕጣ ተለይቶ ኖረ። «ልብ ወለድ ታሪክ» በኢትዮጵያ ዳግመኛ እየታተመ «ጦቢያ» በሚለው ስም ተስፋፋ፤ ታዋቂው የታሪክ ምሁር ታደሰ ታምራት በ1950ዎቹ ወደ እንግሊዝኛ መልሶታል፤ ፈረንሳዊው አላን ሩዎ ደግሞ ስለ አፈወርቅ ሙሉ የሕይወት ታሪክ ጽፏል። የመንገደኛው መመሪያ እንደ ልብ ወለዱ በአንባቢ እጅ አልገባም፤ ነገር ግን በምኒልክ ዘመን ገበሬው ለወታደርና ለሹም ምን ይከፍል እንደነበር የሚመረምሩ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ እንደ ምስክር ይጠሩታል፤ ምስክርነቱንም የሚቀበሉት ምስክሩ ለማን ቆሞ እንደተናገረ መርምረው ነው።